ከእናቴ ዘነዘና የወጡ አምስት ውታፎች

እናቴ አረቄ እያወጣች በመሸጥ አምስት ልጆች አሳድጋለች። ቤታችን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በደብረ ብርሃን ከተማ ነበር። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ይህን በመናገሬ አዲስ ነገር አልገለጥሁም፤ ዳሩ ግን በተማሪነቴ ዘመን በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» የሚለውን ባገኘሁ ቁጥር «የቤት እመቤት» ብዬ እሞላ ነበር እንጂ እውነቱን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለዚያ ሐፍረት ለማውራት አይደለም። ላወራ ያሰብሁት ጣት ስለምታህል አንዲት ብረትና በእርስዋ ላይ ስለ ተሠሩ አምስት የወይራ ቁራጮች ነው፤ ነገር ግን እንጨቶቹ ከየት እንደ መጡ ሳልናገር የብረቷን ነገር ብጀምር አንባቢ ለምን ይህን ያህል እንደ ደከምሁ አይገባውም።

አረቄ ክዳኑ የላላ እንደ ሆነ ኃይሉ ቀስ በቀስ በንኖ ይጠፋል፤ የቀረውን የሚቀምስ ደንበኛም ሁለተኛ አይመለስም። ስለዚህ እናቴ አረቄውን ካወጣች በኋላ ትልቁ ጭንቀቷ የጠርሙሱ አፍ ነበር። ቡሽ የሚባለው ነገር በፖርቱጋልና በእስፓኝ ከሚበቅል የባሉጥ ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ የሚሠራ ስለ ሆነ ወደ እኛ ቤት የሚመጣው በባዶ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ አብሮ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነቀለ ይፈረፈራል። እናቴ ጠርሙሶቿን የምትወትፈው በበቆሎ ቆረቆንዳ ነበር። አገሩ ብርድ በመሆኑ በቆሎ አይበቅልበትምና ቆረቆንዳውን ከቆላ ከሚወጡ ነጋዴዎች ታገኛለች፤ በቢላዋ ትቀርጸዋለች፤ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች፤ ከዚያም በመዳፏ መትታ ታስገባዋለች። ያ የመዳፍ ድምፅ የልጅነቴ የማታ ድምፅ ነው። የጧቱ ድምፅ ደግሞ ዘነዘናዋ ጌሾ ሲወቅጥ የሚያሰማው ነበር።

ዘነዘናው ከወይራ የተጠረበ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ነበር። እጅ የሚይዘው ስፍራ ከብዙ ዘመን ልፋት የተነሣ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያበራል፤ ጌሾውን የሚመታው ጫፍ ግን አረንጓዴው ቀለም ዘልቆ ገብቶበት ጠቁሯል።

እናቴ በ2010 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ዐረፈች። በጥር ወር የተዝካሯ ድግስ ሲዘጋጅ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ዘነዘናው በሚወቅጡበት ሴቶች እጅ ላይ ከመካከሉ ተሰበረ። ሌሊቱን ማገዶ ባጠረ ጊዜ ታላቅ እኅታችን፣ ሁላችን እትዬ የምንላት፣ በጨለማው ውስጥ ያገኘችውን እንጨት ሁሉ እየሰበሰበች ወደ ምድጃው ስትጨምር ከተሰበረው ዘነዘና አንዱ ግማሽ አብሮ ገባ። ሲነጋ የቀረው አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ጉራጅ ብቻ ነበር። በዚያን ቀን ስለዚህ ነገር ማንም ቃል አልተናገረም።

በፋሲካ ሰሞን በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ በመንገደኛ እጅ አንዲት ትንሽ ጥቅል ላከልኝ። ስፈታት አምስት የጠርሙስ ውታፎች አገኘሁ፤ ይሁን እንጂ ራስ የላቸውም። እያንዳንዱ ከአይዝጌ ብረት የተሠራ፣ ወደ ጠርሙሱ አንገት በሚገባው በኩል የጎማ ቀለበቶች የታጠቀ፣ ወደ ላይ ደግሞ አጭር ባለ ጥርስ ቡሎን ያቆመ ነው። ከጥቅሉ ጋራ የነበረችው ወረቀት እንደምታስረዳው፣ ገዢው የወደደውን እንጨት አለዝቦና አስጊጦ በዚያ ቡሎን ላይ እንዲያስርበት የተዘጋጀ ዕቃ ነው። መጠጡን የሚነካው ብረቱና ጎማው ስለ ሆነ እንጨቱ አይርስም፤ አያብጥም። ወንድሜ በደብዳቤው «አንተ ከቢሮ በኋላ እንጨት ቤት ትውላለህ ይባላልና ከእማዬ ዘነዘና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሥራልን» ብሎ ጽፎ ነበር።

ይህን ለእትዬ ብነግራት ፊቷ ተለወጠ። «የእናት ዕቃ በመጋዝ ይቆረጣል? ከሙቀጫው ጎን ይቀመጥ፤ ምን በደላችሁ?» አለችኝ። እኔም ተበሳጭቼ «ግማሹን ያነደደው ማን ሆነና ነው አሁን ለግማሹ የሚታዘንለት?» አልኋት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ፈለግሁ፤ ግን አልተመለሰም። እትዬ ጉራጁን ከሙቀጫው አጠገብ አንሥታ በእጄ ላይ አኖረችውና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አዲሱ ዓመት ድረስ ከእኔ ጋራ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገረችም።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ። በሠፈሬ የአልጋ እግርና የወንበር እግር በቶርኖ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ወደ እርሳቸው ቤት መሄድ ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መጀመሪያ የሰጡኝ ትምህርት ስለ እንጨት አልነበረም፤ በበሩ መቃን ላይ ወዳለው ምስማር አመለከቱኝና «ልጄ፣ ያ አንገትህ ላይ ያለው ከዚያ ይሰቀል» አሉኝ። በሚሽከረከር ዘንግ አጠገብ ክራባት ያሰረ ሰው ራሱን በገመድ እንደ ጠመጠመ ይቆጠራል። ከዚያ ጀምሮ ክራባቴን በዚያ ምስማር ላይ ሳልሰቅል መኪናው አጠገብ ቆሜ አላውቅም።

ጋሼ የውታፉን ብረት እያገላበጡ ካዩ በኋላ «ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን በምን ይያዛል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ወዲያው አልገባኝም ነበር። የአልጋ እግር በቶርኖ ሲሠራ አንደኛው ጫፍ ሹካ በሚመስል ብረት ይወጋል፤ ሁለተኛው ጫፍ ደግሞ ከኋላ በኩል በሹል ብረት ይደገፋል። በሁለቱም በኩል የመወጋት ጠባሳ ይቀራል፤ ነገር ግን የእግሩ አንድ ጫፍ ከአልጋው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ስለሚሸሸግና ሌላው መሬት ስለሚረግጥ ጠባሳውን የሚያይ የለም። የውታፍ ራስ ግን ትንሽ ነው፤ ዙሪያውም አናቱም በእጅ ይዳሰሳል፤ በዓይን ይታያል። የተደበቀ ስፍራ ያለው በሥሩ፣ ቡሎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እንጨቱን የሚይዘው ነገር በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ መያዝ አለበት።

ለዚህ የተዘጋጀው ብረት በባዕድ ቋንቋ ማንድረል ይባላል፤ እኔ ግን ባለ ጥርሱ ዘንግ እለዋለሁ። አንደኛው ወገኑ ቀስ እያለ የሚቀጥን ሾጣጣ ነው። ይህ ሾጣጣ አሜሪካዊው እስቲፈን ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ባወጣው ልክ የሚሠራ ሲሆን፣ በየሃያው ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየቀጠነ ስለሚሄድ ከቶርኖው ዋና ዘንግ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ያለ ምንም ቡሎን በሰበቃ ብቻ ነክሶ ይይዛል። (ሞርሳ ከምንለው የጠረጴዛ ማጥበቂያ ጋራ ስሙ ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።) በመካከሉ ጠፍጣፋ ትከሻ አለው። በሌላው ወገኑ ደግሞ ልክ የውታፉን ቡሎን የመሰለ ጥርስ ወጥቶለታል። እንጨቱ ተሰርስሮ፣ በቀዳዳው ውስጥ ጥርስ ወጥቶለት፣ በዚህ ዘንግ ላይ እየተሽከረከረ ገብቶ ሥሩ ከትከሻው ጋራ ሲጋጠም በሁሉም በኩል ለመሮ የተጋለጠ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ የጥርሱ አቅጣጫ ነው። የቶርኖው እንጨት ከላይ ወደ ሠራተኛው እየመጣ ይሽከረከራል። መሮው እንጨቱን ሲነካ ወደ ኋላ ይገታዋል፤ ይህም መገታት ወደ ቀኝ በሚጠብቅ ጥርስ ላይ ሲያርፍ እንጨቱን እያጠበቀው ይሄዳል። በተቆረጠ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል ማለት ነው። የሚያላላው በተቃራኒ አቅጣጫ ማዞር ወይም መኪናውን በድንገት ማቆም ነው።

ጋሼ ያላቸው ሹካው ብቻ ስለ ነበር ዘንጉን እኛው ልናሠራ ተስማማን። እኔም የተማርሁ ሰው ነኝ ብዬ የውታፉን ቡሎን በማስመሪያ ለካሁና «አሥር ሚሊ ሜትር ነው» አልሁ። በአሥር ሚሊ ሜትር ቡሎን ዘንግ አሠራን፤ የአሥር ሚሊ ሜትር ጥርስ ማውጫ ገዛሁ፤ ለመለማመጃ ከዋንዛ ሁለት ራስ ሠራሁ። ዋንዛ ገራም እንጨት ነውና ሁለቱም አምረው ወጡ። በደስታ ወደ ወንድሜ ብረት ወስጄ ባስገባቸው ግን ሊነቀል እንደ ደረሰ የሕፃን ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ።

ወረቀቲቱን እንደ ገና አነበብሁ። ቡሎኑ የሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ ይኸውም 9.525 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። እኔ በማስመሪያ ያላየኋት ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ከዚህም በቀር የጥርሱ ርቀት ይለያያል፤ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ የእነርሱ ቡሎን 16 ጥርስ ሲኖረው የእኛው አሥር ሚሊ ሜትር 17 ያህል ይኖረዋል። በቢሮ ውስጥ የመዝገብ ቁጥር በአንድ አኃዝ የተሳሳተ እንደ ሆነ ፋይሉ እንደሚጠፋ ለሌሎች ስናገር የኖርሁ ሰው በዚህ መሳቴ አሳፈረኝ።

የዚህ ሁሉ ምክንያቱ የቆየ ነው። በጥንት ዘመን እያንዳንዱ የብረት ሥራ ቤት የራሱን ጥርስ ያወጣ ስለ ነበር የአንዱ ቤት ዳዶ በሌላው ቤት ቡሎን ላይ አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥርስ እንዲጠቀሙ ሐሳብ አቀረበ፤ የጥርሱንም ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። በ1864 ደግሞ በፊላደልፊያ ዊሊያም ሴለርስ 60 ዲግሪ ይሻላል ብሎ ሌላ አወጣ። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በአንድ ጥርስ የተስማሙት በ1948 ነው። ሚሊ ሜትር የለመደው የቀረው ዓለም ግን በራሱ መንገድ ሄደ። እኛ ደግሞ ከሁሉም አገር ዕቃ የምንገዛ ሕዝብ በመሆናችን የሁሉም ጥርስ በየጋራዣችን ተደባልቆ ይገኛል።

ይህ መደባለቅ በስተ መጨረሻ ጠቀመኝ። የኢንች ጥርስ ማውጫ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ያህል ከዞርሁ በኋላ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ፣ ከአሮጌ ብረት ክምር መካከል፣ ዝገት የበላው ነገር ግን ጫፉ ያልተሰበረ ጥርስ ማውጫ አገኘሁ። በራሱ ላይ 3/8 የሚል አኃዝና የዊትዎርዝ ምልክት ተቀርጾበታል። የሦስት ስምንተኛው የዊትዎርዝ ጥርስም በኢንች 16 ነው፤ ከአሜሪካው የሚለየው በማዕዘኑ በአምስት ዲግሪ ብቻ ነውና ይህን ልዩነት ብረት ያውቀዋል እንጂ እንጨት አያውቀውም። ዋጋውን ባለቤቴ ይህን መጽሔት ስለምታነብ አልናገርም። ከዚያም በሶማሌ ተራ ከሚገኙት የብረት ቶርኖ ቤቶች ወደ አንዱ ሄጄ የወንድሜን ቡሎን ናሙና አድርጌ አዲስ ዘንግ አሠራሁ። ጋሼ የሾጣጣውን ጭራ አሰርስረው ጥርስ አስወጡለትና በቶርኖው ዋና ዘንግ ባዶ ሆድ ውስጥ ያለፈ ረጅም ብረት አሰሩበት፤ ከበስተኋላም በዳዶ አጠበቁት። «ሰበቃን አምናለሁ፤ ግን ብቻውን አላምነውም» አሉ።

በነሐሴ ወር፣ በአንድ ዝናባም ቅዳሜ፣ ጉራጁን ወደ ጋሼ ቤት ይዤ ሄድሁ። እርሳቸው አገላብጠው አዩትና በጠመኔ አምስት ቦታ ምልክት አደረጉ። በተሰበረው ጫፍ በኩል ያለውን በጣታቸው ነክተው «ይህን ወደ መጨረሻ አድርገው፤ ስብራቱ ወዴት እንደ ደረሰ እይ» አሉኝ። ከዚያም መጋዙን ለእኔ ሰጥተው ወጡ። እንጨቱ የእናቴ መሆኑን ስለሚያውቁ ሊቆርጡት ያልፈለጉ ይመስለኛል።

መጋዙ ሲገባ ቤቱን የሞላው የወይራ ሽታ ብቻ አልነበረም። ከሰጋቱራው ጋራ የጌሾ ሽታ ወጣ። ዘነዘናው ከጠቆረው ጫፍ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደ ጠጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አረንጓዴው መልክ ሁለት ጣት ያህል ዘልቋል። ሥራዬን አቁሜ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ።

የእያንዳንዱ ቁራጭ ርዝመት ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ሥሩን ካስተካከልሁ በኋላ በስምንት ሚሊ ሜትር ፑንታ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሰረሰርሁ። ይህ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ካልወረደ እንጨቱ በትከሻው ላይ ገጥሞ አይቀመጥም፤ በሚሽከረከርበትም ጊዜ ይወላገዳል። ጥርሱን ማውጣት ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ወይራ እንደ ዋንዛ አይታዘዝም፤ ጥርስ ማውጫውን ሰም ቀብቶ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ ፍቅፋቂውን እያራገፉ መሄድ ነው። በዋንዛ የወጣው ጥርስ በጣት ሲነካ ይፈርስ ነበር፤ የወይራው ግን እንደ ብረት ጠርቶ ወጣ።

የመጀመሪያውን በዘንጉ ላይ አስገብቼ ከኋላ በሹሉ ብረት ደግፌ በጎድጓዳው መሮ ማዕዘኑን አወረድሁ። ክብ ከሆነ በኋላ ድጋፉን ወደ ኋላ ስቤ አናቱን ብቻውን ሠራሁት። በዚያ ሰዓት እንጨቱን የያዘው ከውስጡ የገባው ጥርስ ብቻ ነበር፤ አንዳችም ነገር ከውጭ አይነካውም። መኪናው በደቂቃ 1500 ዙር ያህል ሲዞር ቁራጩ የቆመ ይመስላል፤ መሮው ሲነካው ብቻ ነጭና ቡናማ ክር እየተፈተለ ይወጣል። በብርጭቆ ወረቀት ከ120 ቁጥር ጀምሬ እስከ 400 አለሰለስሁት፤ ከተልባ ዘይት ጋራ የቀለጠ ሰም ቀባሁት። ፈትቼ በወንድሜ ብረት ላይ ሳስረው አልተወዛወዘም። የእናቴ እጅ ያለሰለሰውን ገጽ ግን መሮው ስለ ወሰደው ልመልሰው አልቻልሁም፤ ይህን እትዬ አስቀድማ አስባው እንደ ነበር የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሠሩ፤ ስለ እነርሱ የምለው የለኝም።

አምስተኛውን በጳጉሜን የሠራሁት ደክሞኝ ከቢሮ እንደ ወጣሁ ነው። በዚያን ቀን አምሽቼ መሥራት አልነበረብኝም፤ ዳሩ ግን ለእንቁጣጣሽ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ይዣቸው ለመግባት ቸኩዬ ነበር። ስብራቱ ወዴት እንደ ደረሰ እንዳይ ጋሼ የነገሩኝን አልረሳሁም፤ አየሁት፤ አንዲት ፀጉር የምትመስል መስመር በጎኑ ነበረች። «ስለዝበው ትጠፋለች» ብዬ አለፍሁ። እንግዲህ የባለ ጥርሱ ዘንግ ጠባይ እንዲህ ነው፤ እንጨቱን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ነው የሚይዘው። ጤነኛ እንጨት ይህን ግፊት ይችለዋል፤ የተሰነጠቀውን ግን እንደ ሽብልቅ ይከፍተዋል።

ድጋፉን ስቤ አናቱን ልጨርስ ስል መሮው ነከሰ። ድምፁን ከመስማቴ በፊት ከዓይን መከላከያው መነጽር በላይ ግንባሬን አንድ ነገር መታኝ። መኪናውን አጥፍቼ ባይ በዘንጉ ላይ ምንም የለም። ጥርሱ አልተበላሸም፤ እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ሄዷል። አንዱን ግማሽ ከእግሬ ሥር አገኘሁት። ሁለተኛውን ግን አጣሁ። ከግንባሬ የሚወርደውን ደም በመሐረብ ይዤ በአንድ እጄ ሰጋቱራውን ስበትን፣ የአልጋ እግር ክምሩን ሳነሣ አመሸሁ። ሌላ ወይራ መግዛት አይቻልም ነበርን? ይቻላል፤ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ይህ ሐሳብ ሁለት ጊዜ መጥቶብኛል። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ፋኖስ ይዘው መጡና አንድም ቃል ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው አብረውኝ ፈለጉ። ከሦስት ሰዓት በኋላ በኮላ ጣሳ ውስጥ ተገኘ። «ራሱ መድኃኒቱ ዘንድ ሄዷል» ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን ሊያስቀኝ አልቻለም።

ሁለቱን ግማሾች ገጥመን በኮላ አጣብቀን በሲባጎ ጠፍረን ሁለት ቀን ተውነው። ሲፈታ መስመሩ በአንድ በኩል ክፍት ስለ ነበር ጋሼ የደቀቀ ቡና አስመጡና በዚያ ላይ ነስንሰው ቀጭኑን ፈጣን ሙጫ ጠብ አደረጉበት። ቡናው ከሙጫው ጋራ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ጥርሱን እንደ ገና በእጄ አጠራሁ። ከትከሻው ጋራ እስኪጋጠም ብቻ አስገብቼ ሳላጠብቀው ተውሁ፤ ድጋፉንም እስከ መጨረሻው ሳልነቅል በዝግታ ዙር ጨረስሁት። በአናቱ ላይ የሹሉ ብረት ነጥብ ቀረች፤ በጎኑ ላይም ጥቁር መስመር ቀረች። ከአምስቱ ሁሉ መጥፎው እርሱ ነበርና ለራሴ መደብሁት። ለእንቁጣጣሽ ግን ሳልወስዳቸው ቀረሁ፤ ግንባሬም በፋሻ ታስሮ ስለ ነበር ለዘመዶቼ በር መታኝ አልሁ።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ለሙት ዓመቷ ተሰበሰብን። ጸሎቱ አልቆ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አምስቱን ውታፎች በሰፌድ ላይ አድርጌ አቀረብሁ። ታላቅ ናትና መጀመሪያ የምትመርጠው እትዬ ነበረች። መሐረቧን አስተካክላ አንድ በአንድ አነሣች፤ ሥራቸውን ገልብጣ ሸተተቻቸው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ መስመሩን በአውራ ጣቷ ጥፍር ከላይ እስከ ታች ተከተለችው።

«ይህ በስብራቱ በኩል የነበረው ነው?» አለችኝ።

«አዎን እትዬ፤ እርሱ የእኔ ነው፤ አንቺ ከደኅናዎቹ ምረጪ» አልኋት።

«ከእሳቱ ወገን የነበረው ይህ ነው» አለች፤ የምትናገረው ለእኔ አልነበረም። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ቀና ብላ ግንባሬን አየችና «ለእንቁጣጣሽ በር መታኝ ያልኸው ይኸ ነው?» አለችኝ። ነው አልኋት። በዓመቱ ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ቃል የተነጋገርነው ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ማገዶው ግን እኔም ይቅርታ አላልሁም፣ እርሷም አላነሣችውም። ቡና ተፈላ።

የወንድሜ ድርሻ በመንገደኛ እጅ ተላከለት። በየካቲት ወር ደውሎ «ራሱ ላልቶ ይዞራል፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። በክረምታቸው ቤቱን በማሞቂያ ስለሚያደርቁት እንጨቱ ደርቆ ተሸማቅቆ ኖሯል። ሥሩ ከብረቱ ጋራ እስኪጋጠም ወደ ቀኝ ሩብ ዙር እንዲያጠብቀው ነገርሁት። ስልኩን ሳይዘጋ ሄዶ አጠበቀው። «ያዘ» አለኝ። በየትኛው ጠርሙስ ላይ እንዳደረገው ብጠይቀው በዚያ ከተማ ሀበሻ ሱቅ የገዛው አረቄ መሆኑንና የእማዬን ያህል እንደማይሆን ነገረኝ።

ጋሼ አሁን በዚያ ዘንግ የመሳቢያ እጀታ ይሠሩበታል፤ ከአልጋ እግር ይልቅ ትርፍ አለው ይላሉ። ሥራ በማይኖረው ጊዜ ጥርሱ እንዳይዝግ ሰም ተቀብቶ ክራባቴን ከምሰቅልበት ምስማር አጠገብ ይንጠለጠላል።